ለድሬ ማታ የሚሆን ጠፈርና ሳቅ

ድሬዳዋ ውስጥ ግቢ ላይ አንሶላ ወጥሮ ፊልም ማሳየት ማለት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ ተናጋሪውን አንድ ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። እንግሊዝኛውን ሁሉም እኩል አይሰማውም። ስለዚህ ፊልም ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ነገሩ ለሁሉም በሰዓቱ ይደርስ እንደሆነ ነው። ሳይንስ ፊክሽንና ኮሜዲ በዚህ በኩል መንትያ ናቸው፤ የፊልሙን ዓለም ሕግ ዘግይቶ የሰማ ተመልካች ታሪኩ ይጠፋበታል፣ ቀልዱን ከተዋናዩ ቀድሞ ያነበበ ደግሞ ሳቁ ይባክንበታል። (ከዚህ በታች ያሉት የፊልም ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ለመጀመሪያ ማታ ከቻርሊ ቻፕሊን «ሞደርን ታይምስ» የሚሻል አላውቅም። የ1936 ሥራ ነው፣ 87 ደቂቃ ብቻ። ሰው ኮሜዲ ብሎ ይመድበዋል፤ እኔ ሳይንስ ፊክሽንም ነው ባይ ነኝ። የፋብሪካው አለቃ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ ባለ ስክሪን ብቅ ብሎ ሠራተኛውን «ወደ ሥራህ!» ይለዋል፤ ያውም ቴሌቪዥን በየቤቱ ባልገባበት ዘመን። ምሳ የሚያጎርሰው ማሽን መጀመሪያ በሥርዓት ይሠራል፣ ዓላማው የምሳ ሰዓት መቆጠብ እንደሆነም ለሁሉም ግልጽ ነው። በቆሎው ከቁጥጥር ውጪ መሽከርከር ሲጀምር ሕፃኑም አያቱም እኩል የሚስቁት ለዚህ ነው። ወደ መጨረሻው ቻፕሊን የሚዘፍነው ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ የሚመስል ትርጉም የለሽ ዘፈን ነው። የባቡሩን ዘመን ፈረንሳይኛ ጆሯቸው የለመደ የከዚራ ሰፈር አዛውንቶች ይህን ክፍል እንዳያመልጣቸው።

የ1980ው «ኤርፕሌን!» ግን ለብዙ ቋንቋ ግቢ አይሆንም። ታዋቂው ቀልዱ የቆመው «ሹርሊ» (በእርግጥ) የሚለው ቃልና «ሸርሊ» የሚለው የሴት ስም በድምፅ ስለሚመሳሰሉ ነው። ያንን በአማርኛ የሚያድን ተርጓሚ የለም።

ሁለቱን ዘርፎች አስታርቆ የያዘው የ1985ቱ «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ነው። ሕጉ በሦስት ቁጥር ያልቃል፦ በዘመን ውስጥ የምትጓዘው መኪና በሰዓት 88 ማይል (142 ኪሎ ሜትር ገደማ) መድረስ አለባት፣ 1.21 ጊጋ ዋት ኃይል ያስፈልጋታል፣ ያንን ኃይል የሚሰጣት መብረቅ የከተማውን ሰዓት የሚመታው 10:04 ላይ ነው። 1.21 ጊጋ ዋት (1210 ሜጋ ዋት) ምን ያህል ነው ለሚል፣ የግልገል ጊቤ 3 ሙሉ አቅም 1870 ሜጋ ዋት ነውና የዚያ ሁለት ሦስተኛ ገደማ አንዲት መኪና ውስጥ ገባ ማለት ነው። ተርጓሚ እዚህ ላይ የሚሳሳተው 10:04ን ወደ እኛ አቆጣጠር አዙሮ «4:04» ብሎ ሲጽፍ ነው። ሰዓቱ ማማው ላይ ፊት ለፊት ይታያል፤ ጽሑፉና ሥዕሉ ከተጋጩ ሰው ታሪኩን ትቶ ሒሳብ ይገባል። ቀኑም እንደዚያው ነው፦ ኖቬምበር 5፣ 1955 በኛ ጥቅምት 25፣ 1948 ነው፣ ስሌቱ ትክክል ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚነበበው ግን የፈረንጁ ነው። ቁጥሩን እንዳለ መተው፣ ማብራሪያ ካስፈለገም ፊልሙ ሳይጀመር በቃል መናገር ይሻላል።

ከተከታታዮች አንደኛ የማደርገው «ዘ ኤክስፓንስ»ን ነው (ከ2015 እስከ 2022፣ 6 ሲዝን፣ 62 ክፍል)። የጠፈር መርከቦቹ እንደ ፎቅ ቤት የተደራረቡ ናቸው፤ ሞተሩ ከታች ሲገፋ ወለሉ እግርን ይገፋል፣ ክብደት የሚሆነው ያ ነው። መንገዱ ሲጋመስ መርከቧ ትዞርና በዚያው ሞተር ፍሬን ትይዛለች። ሞተሩ ሲጠፋ ሁሉም ይንሳፈፋል። ሴሬስ በምትባለው፣ እየሾረች በምትኖረው ድንክ ፕላኔት ላይ መጠጥ ሲቀዳ ፈሳሹ ጎብጦ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ክብደቱ የመጣው ከመሾር ነው።

ድሬን በቀጥታ የሚነካት ግን የቤልተሮቹ (በአስትሮይድ ቀበቶ የሚኖሩት ሰዎች) ቋንቋ ነው። የቋንቋ ባለሙያው ኒክ ፋርመር ለተከታታዩ ሲሠራው ከብዙ ቋንቋ ቀላቅሎ ነው፤ የጠፈር ልብስ ውስጥ ፊት ስለማይታይ የእጅ ምልክትም ተጨምሮበታል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ ለሚቀያይር የድሬ ልጅ ይሄ፣ አቦ፣ የሰፈር ወሬ ነው! ቤልተሮችን በንጹሕ የመጽሐፍ አማርኛ መተርጎም ስለዚህ ትልቅ ጥፋት ነው። የምድር ባለሥልጣናት በዜና አማርኛና በአንቱታ፣ ቤልተሮቹ በመጋላ ሰፈር ቅልቅልና በ«አንተ» ቢናገሩ የመደብ ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይሰማል። አንድ ማሳሰቢያ፦ የመጀመሪያዎቹ 4 ክፍሎች ስም ይበዛባቸዋል፣ በአንድ ማታ ከ2 በላይ አታሳዩ።

ቅኔ ለሚወድ ሰው «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» ውስጥ «ዳርሞክ» የሚባለውን የ1991 ክፍል ብቻውን አሳዩት። ባዕዳኑ የሚናገሩት በራሳቸው ተረቶች ጥቅስ ነው፤ መተርጎሚያው ማሽን ሰሙን ያመጣል፣ ወርቁን ማግኘት አልቻለም። «ፋየርፍላይ» የሚባለው የጠፈር ተከታታይ ላይ ደግሞ የፋይሉን ቅደም ተከተል ፈትሹ። በ2002 ጣቢያው ክፍሎቹን አዘበራርቆ ነው ያሳየው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጀውን መክፈቻ መጨረሻ ላይ አድርጎ፤ ከ14ቱም 11ዱን ብቻ። መጀመሪያ መታየት ያለበት «ሴሬኒቲ» የሚለው ክፍል ነው።

ኮሜዲ በአማርኛ ሰብታይትል የሚሞትበት ዋና ምክንያት የዓረፍተ ነገር አወቃቀራችን ነው። እንግሊዝኛው የሚያስቀውን ቃል መጨረሻ ላይ ሲያስቀምጥ እኛ መጨረሻ ላይ የምናስቀምጠው ግሱን ነው። ለምሳሌ «ካፒቴኑ ፍሪጁን አገባ» ብትሉ ፍሪጁ መሀል ላይ ይፈሳል። «ካፒቴኑ ያገባው ማንን መሰለህ? ፍሪጁን!» ሲሆን ግን ቃሉ በቦታው ይወድቃል። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ክፈሉት፤ «ፍሪጁን!» ብቻውን፣ ተዋናዩ አፉን ሲከፍት ይውጣ። አንድ ላይ ከወጡ ፈጣን አንባቢው ይስቃል፣ ቀርፋፋው ይናደዳል።

ሰብታይትሉ ከድምፁ ጋር ካልገጠመ የፊልሙን የመጀመሪያና የመጨረሻ ንግግር አወዳድሩ። ሁለቱም ቦታ በእኩል ሰከንድ ከተዛነፈ ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ የጂ ቁልፍ ጽሑፉን ወደፊት ያመጣዋል፣ ኤች ያዘገየዋል፤ አንድ ጫን ማለት 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እየቆየ የሚራራቅ ከሆነ ግን ቁልፍ መጫን ከንቱ ድካም ነው፤ ችግሩ የፍሬም ፍጥነት ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም የነበረው ፊልም በ25 ሲሮጥ 100 ደቂቃው 96 ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ 4 ደቂቃ ተራራቁ ማለት ነው። «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የፍሬም ፍጥነቱን ቀይሮ እንደገና ማስቀመጥ ነው መድኃኒቱ።

ፊደሉ በጥያቄ ምልክት ከተተካ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ አልተቀመጠም። ባዶ ሳጥን ከሆነ ፎንቱ ግዕዝ የለውም፤ ኒያላን ወይም አቢሲኒካን ምረጡ። በፍላሽ የሚያጫውቱ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ፎንት መቀየር አይችሉም፣ ለእነሱ ጽሑፉን «ሃንድብሬክ» በሚባለው ፕሮግራም ከምስሉ ጋር ማዋሐድ ነው ያለው አማራጭ።

ስለ ድምፅ ደግሞ፦ ፍንዳታው ጆሮ እየበሳ ንግግሩ የማይሰማው ለስድስት ስፒከር የተቀናበረ ድምፅ በሁለት ስፒከር ሲጫወት ነው። የስቴሪዮ ድምፅ ካለው እሱን ምረጡ፣ ከሌለው ቪኤልሲ ውስጥ ኮምፕሬሰሩን (ጩኸቱንና ሹክሹክታውን የሚያቀራርበውን) አብሩት። የድሬ ሙቀት ማራገቢያ ያስገድዳል፣ የማራገቢያው ድምፅ ደግሞ ንግግሩን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ማራገቢያው ከተመልካቹ ኋላ፣ ስፒከሩ ከፊት በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ይሁን። አንሶላውን ነፋስ እንዳያወዛውዘው ታችኛውን ጫፍ ዱላ ላይ ጠቅልሉና በድንጋይ አስይዙት። ምሽት 1 ሰዓት ላይ በደንብ ይጨልማል፤ ያኔ ጀምሩ።