በአየር ላይ የቀረች ጉርሻ

ዛሬ ከማታ ፈረቃ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ላይምላይት» ጆሮዬ ላይ መጣ። የራሽ ዘፈን ነው፣ የቶሮንቶዎቹ ሮከሮች። ቢበዛ ከአራት ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ሳዳምጠው መውረጃዬ አመለጠኝና ሁለት ፌርማታ አለፍኩ። በዚያ ብርድ በእግሬ ተመለስኩ። እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ስለገባኝ ሻይ አፍልቼ ቁጭ ብያለሁ። ይህን ነገር ለዓመታት ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁ። ዛሬ ልጻፈው።

በ2018 ነው፣ በፈረንጆቹ። ሙቀቱ የበረታበት ሰሞን። እዚህ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካሉት የኛ ምግብ ቤቶች በአንዱ ከጓደኛዬ ጋር ምሳ ልንበላ ገባን። ጥግ ላይ አንድ ድምፃዊ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራውም። ልጅ ሆኜ ካሴቱ ሲፈታ በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ያደግኩበት ሰው ነው። ፊት ለፊቱ አምስት ወይም ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ አለች። ሁለቱ ብቻ ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

ልቤ መምታት ጀመረ። ጓደኛዬ «ተው፣ ይብላበት» አለኝ። አልሰማሁትም። ሄድኩና «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ፎቶ ብቻ» አልኩት። ልጅቷ ያን ሰዓት ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፉ ዘርግታለች። በትንሽ እጅ የተጠቀለለች፣ ሽሮዋ በጣቶቿ መሃል የሚወርድ ጉርሻ። አፉን ከፍቶ ነበር። እኔን ሲያይ ዘጋውና ፈገግ አለ። ተነሳ። እጁ ወጥ ስለነካው አንጓውን ዘረጋልኝ፣ እኔም አንጓውን ጨበጥኩት። «እሺ የኔ ወንድም» አለኝ። አስተናጋጇ ስልኬን ተቀብላ አነሳችን።

እኔ ስሄድ ያዩ ሌሎችም ተነሱ። ከመስኮቱ በኩል ሦስት ሰዎች መጡ። አንዷ እናቷ ጋ በቪዲዮ ደውላ «እማዬን ሰላም ይበሉልኝ» ብላ ስልኩን ፊቱ ላይ አደረገችው። ለሁሉም ፈገግ አለ። ለሁሉም አንጓውን ዘረጋ። ልጅቷ ጉርሻዋን ይዛ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ እጇ ደከመ መሰለኝ፣ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ወደ ቦታው ሲመለስ እንጀራው ደርቋል። ብዙም ሳይቆይ ሂሳብ ጠየቀ።

ያኔ ክፉ ነገር ያደረግኩ አልመሰለኝም። እንዲያውም ዝም ብዬ ብበላ ነበር ነውር የሚመስለኝ። የምናውቀውን ሰው አይተን ሰላም ሳንል ስናልፍ በኛ ዘንድ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። «የእግዜር ሰላምታ ነፈገን» ይባላል። ታዋቂ ሰው ደግሞ የሁላችን ነው ብለን ነው የምናምነው። የሕዝብ ልጅ ነው። እሱም ያንን ስለሚያውቅ ነው አንጓውን የዘረጋልኝ። ባይዘረጋልኝ «ተኮፍሷል» ብዬ ለስንቱ አወራ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

ይህ ነገር ከራሽ ጋር የተገናኘው ከዓመት ከምናምን በኋላ ነው። ጃንዋሪ 10 ቀን 2020፣ አርብ። መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ ላይ ነን። አብሮኝ የሚሰራ ስልሳ ዓመት የሚጠጋው ካናዳዊ አለ፣ ከፎርክሊፍቱ ጋር ትንሽ ሬዲዮ የማይለየው። ዜናውን ሲሰማ ፎርክሊፍቱን መንገድ መሃል አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ዘመድ የሞተበት መስሎኝ ሮጬ ሄድኩ። «ኒል ሞተ» አለኝ። ማን ኒል? ኒል ፔርት፣ የራሽ ድራመርና ግጥም ጸሐፊ። የሞተው ጃንዋሪ 7 ነው፣ በካሊፎርኒያ፣ በ67 ዓመቱ። ዜናው የወጣው ከሦስት ቀን በኋላ መሆኑ ነው።

«ከሦስት ዓመት በላይ የአንጎል ካንሰር ይዞት ነበር፣ እኛ ግን አናውቅም» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። «ጓደኞቹ ጠበቁለት። አንድም ሰው አላወራም። ጎበዞች።» አይኑ እንባ አቅርሯል። በህይወቱ አንድም ቀን ያላነጋገረው ሰው ሞቶበት ነው፣ ያ ሰው ህመሙን ስለደበቀው ደግሞ ደስ ብሎታል። እንዴት ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ አልገባኝም ነበር። ያን ሌሊት ሬዲዮው የራሽን ዘፈኖች ሲለቅ አደረ። «ላይምላይት» ሲመጣ ባልደረባዬ ድምፁን ከፍ አደረገና በጣቱ ካርቶኑን እየመታ «ቁጠር» አለኝ። ሰባት። ዋናው የጊታር ዜማ በሰባት ምት ነው የሚዞረው። በችክችካ ላደገ ጆሮ አንድ ነገር የጎደለው ይመስላል። ለመያዝ ስትሞክር ያመልጥሃል።

ቤት ገብቼ ግጥሙን ፈልጌ አነበብኩት። ከዚያ ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሁሉ።

ዘፈኑ የወጣው በ1981 «ሙቪንግ ፒክቸርስ» በሚለው አልበማቸው ላይ ነው። የቀዱት ኩቤክ ውስጥ ሞሪን ሃይትስ በምትባል ጫካና ሐይቅ ባለባት ቦታ ነው። ያኔ ባንዱ በትልልቅ አዳራሾች መጫወት ጀምሯል። ፔርት ከ1974 ጀምሮ አብሯቸው ያለ፣ መጽሐፍ የማይለየው ዓይን አፋር ሰው ነው። መጫወት ይወዳል። መታየት አይወድም። ግጥሙ ይህንኑ ነው የሚለው። ዙሪያውን ካሜራ ከቦኛል ይላል። ራስን ሳያጡ ለመቆየት አጥር ማበጀት ግድ ነው ይላል። በመሃል ደግሞ ያን ቀን ያስደነገጠኝ ስንኝ አለ። ቃል በቃል አልተረጉመውም፣ ሐሳቡ ግን ይህ ነው፦ የማላውቀውን ሰው ስጠብቀው እንደኖርኩት ወዳጅ አድርጌ መቀበል አልችልም፣ ማስመሰል አይሆንልኝም።

ልብ በሉ፣ ይህን የሚዘፍነው እሱ አይደለም። ዘፋኙ ጌዲ ሊ ነው። ፔርት ከኋላ፣ በዚያ ግንብ በሚያክል ከበሮው ውስጥ ተቀምጦ ይመታል። የገዛ ልመናውን ሌላ ሰው በሺህ ሕዝብ ፊት ይዘፍንለታል፣ ሕዝቡም አብሮ ይዘፍናል። እሱ ራሱ ኮንሰርቱ እንዳለቀ ከመድረክ ወርዶ ውልቅ ይላል። አድናቂዎችን ቆመው የሚያገኙት ጌዲና ጊታሪስቱ አሌክስ ላይፍሰን ናቸው። ከ1996ቱ የኮንሰርት ጉዞ ጀምሮማ ከከተማ ከተማ በሞተር ሳይክል ነበር የሚሄደው። በጠባብ መንገዶች፣ ማንም በማያውቀው ትንሽ ከተማ ቁርሱን እየበላ።

የላይፍሰን የጊታር ሶሎ ስትመጣ ሁልጊዜ ስራዬን አቆማለሁ። ሰው ከሞላበት አዳራሽ አንድ ሰው ወጥቶ ደረጃ ላይ ብቻውን የሚያለቅስ ይመስለኛል።

የቃሉ አመጣጥም ገርሞኛል። ላይምላይት በእንግሊዝኛ ዝና፣ የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ማለት ነው። ቀጥታ ሲፈታ ግን የኖራ ብርሃን ነው። ለበዓል ግድግዳ የምንቀባው፣ ሰፈር ሜዳ ላይ የኳስ መስመር የምናሰምርበት ኖራ። ኤሌክትሪክ ቲያትር ቤት ሳይገባ በፊት በ1830ዎቹ ለንደን ውስጥ አንድ ቁራጭ ኖራ በኦክስጅንና በሃይድሮጅን እሳት ያግሉ ነበር። ሲግል ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። ያንን ተዋናዩ ላይ ያበሩበታል። እሳቱ ኖራውን እየቦረቦረ ስለሚጨርሰው አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ቀስ እያለ ያዞረዋል። ከታዳሚው ማንም የማያየው ሰው። ፔርት የዚያን ሰውዬ ቦታ ቢያገኝ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ብዙ ያሰብኩት ግን በአንድ የኛ ቃል ላይ ነው። እንግዳ። በአማርኛ የማናውቀው ሰው እንግዳ ነው። ቤታችን የመጣ፣ አልጋ የምንለቅለት ሰውም እንግዳ ነው። አንድ ቃል። ስለዚህ የፔርትን ስንኝ መጀመሪያ ሳነበው አመመኝ። እንግዳን አልቀበልም የሚል ሰው በኛ ሚዛን ምን ዓይነት ሰው ነው? ባለጌ ነው። እናቴ ብትሰማው «ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው» ትላለች።

ከዚያ ግን እናቴ ራሷ ትዝ አለችኝ። የመሸበት እንግዳ ቤታችን ሲመጣ መጀመሪያ እጁን ታስታጥበዋለች። ከዚያ የቤቱን ታበላዋለች። ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ወዴት ትሄዳለህ የሚባለው ከበላ በኋላ ነው። እኛ ልጆቹ አፉን እያየን ስንቆም «ሂዱ ወዲያ፣ ሰው ሲበላ አይታይም» ብላ ታባርረን ነበር። ያ ድምፃዊ ለዚያች ከተማ እንግዳ ነበር። የመጣው ከሩቅ ነው። እየበላ ነበር። እኔ እናቴ ያሳደገችኝ ልጅ አፉን ሳይዘጋ ደረስኩበት።

ስለ ፔርት አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው «ኩሩ ነው» ሲለው ያናድደኛል። በ1997 የ19 ዓመት ሴት ልጁ በመኪና አደጋ ሞተችበት። አንድ ልጁ ነበረች። ዓመት ሳይሞላ እናቷ በካንሰር ተከተለች። በልጁ ቀብር ላይ ለባንዱ ጓደኞቹ «እንዳቆምኩ ቁጠሩኝ» አላቸው። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። 14 ወር፣ 88,000 ኪሎ ሜትር። ከኩቤክ ተነስቶ እስከ አላስካ፣ ከዚያ ወደ ታች እስከ ሜክሲኮና ቤሊዝ። በየነዳጅ ማደያው፣ በየርካሽ ሞቴሉ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ እንዴት ያለ ጸሎት ይዞ ያወልቅ እንደነበር አስባለሁ። እባካችሁ አትወቁኝ። በኛ ቢሆን ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይጎርፋል። የኛን እወዳለሁ። ግን ድንኳኑ ውስጥ የሚገባው ሁሉ ፎቶ የሚፈልግ ቢሆንስ? ጓደኞቹ አራት ዓመት ያህል ጠበቁት። አላስገደዱትም። በ2001 ተመልሶ መጣና እስከ 2015 አብሯቸው መድረክ ላይ ቆየ።

እኔ ደግሞ አለመታወቅን በሌላ በኩል ነው የማውቀው። ቶሮንቶ በመጣሁበት የመጀመሪያ በረዶ ለሳምንታት ስሜን የጠራኝ ሰው አልነበረም። አዲስ አበባ ከቤቴ እስከ ታክሲ ተራ አስር ጊዜ ቆሜ ሰላም የምል ሰው፣ እዚህ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስልኩን ያያል። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ አንዲት ሐበሻ «ታውቀኛለህ እንዴ?» አለችኝ፣ ዝም ብዬ ሳያት። አላውቃትም ነበር። ላለቅስ ደረስኩ። ስለዚህ አንድ ሰው ይህንኑ ባዶነት ሲናፍቅ ሳነብ ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል። እኔን ያቃጠለኝ ነገር ለሱ ውሃ ነው።

የሚገርመው ባንዱም የስደተኛ ልጆች ያሉበት ነው። ጌዲ ትክክለኛ ስሙ ጌሪ ነበር። ከናዚ ካምፕ ተርፋ ከፖላንድ የመጣች እናቱ በራሷ ቅላፄ ስትጠራው «ጌዲ» ይመስል ነበርና ጓደኞቹ ያንኑ ይዘው ቀሩ። የላይፍሰን ወላጆች ከዩጎዝላቪያ የመጡ ናቸው። ያ የመድረክ ስሙ የቤተሰቡ ስም በእንግሊዝኛ የተፈታ ነው፣ የሕይወት ልጅ እንደማለት። መጋዘኑ ውስጥ እኔንም በግማሽ ስሜ ነው የሚጠሩኝ። ያ ባልደረባዬ ብቻ አንድ ቀን ሙሉውን አስደግሞኝ በወረቀት ጻፈው። ጡረታ ወጥቷል አሁን።

ድምፃዊውን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። ባገኘው ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር። ከዚያ ደግሞ ይቅርታዬም ሌላ ማስቆም እንደሆነ ገባኝ። ሰውየው በሰላም ይሂድበት።

ፎቶውን በዚያው ቀን ፌስቡክ ላይ ለጥፌው ነበር። ብዙ ሰው ወደደው። «ታድለህ» ያለኝ ሰው ብዛቱ። ከመለጠፌ በፊት ግራውን ጠርዝ ቆርጬዋለሁ፣ ሁለታችን ብቻ እንድንታይ። የለጠፍኩትን ቆየት ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ዋናው ግን ስልኬ ላይ አለ። አሁን ሻዬ ቀዝቅዞ ከፈትኩት። እሱ ፈገግ ብሏል፣ ቀኝ እጁን ልብሴን እንዳይነካ ወደ ጎን አርቆታል። እኔ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። በግራ በኩል፣ ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ትንሽ እጅ አለች። ሽሮው እስከ አንጓዋ ወርዷል። እጇ ገና አልታጠፈም።