ኪንታሮት ገና ሲጀምር ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም

ሰው በዚህ ጉዳይ አፍሮ ዝም እያለ ነው የሚጎዳው፣ ስለዚህ በግልጽ ላውራው። የፊንጢጣ ኪንታሮት ማለት እዛ አካባቢ ያሉት የደም ስሮች ሲያብጡ ነው፣ ደረጃ 1 ከሆነ ወደ ውጭ አይወጣም ግን ሊደማ ይችላል፣ ደረጃ 2 ደግሞ ሽንት ቤት ስታምጡ ይወጣና በራሱ ይመለሳል። እዚህ ላይ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻላል።

ዋናው የሆድ ድርቀቱን ማስቆም ነው!! ማማጥና ሽንት ቤት ስልክ ይዞ መቆየት በጣም ነው የሚያባብሱት። በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ፋይበር (ሰገራን የሚያለሰልስ የምግብ አሰር) ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ቤታችን ሞልቷል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የገብስ ቆሎ፣ አጃ፣ ተልባ፣ ግን ቀስ እያላችሁ ጨምሩት ካልሆነ ሆድ ይነፋል፣ ውሃም በደንብ ጠጡ ያለ ውሃ ፋይበሩ ራሱ ያደርቃል። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አርጋችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ህመሙንም ማሳከኩንም ያቀላል። ሀይድሮኮርቲዞን (ማሳከክ የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ቅባት ከ1 ሳምንት በላይ አትቀቡ፣ ቆዳ ያሳሳል።

ይሄ ካልሰራ ሐኪም እብጠቱን ከስሩ በትንሽ ላስቲክ ያስረዋል፣ ደም ሲያጣ ደርቆ ይወድቃል፣ ሆስፒታል መተኛትም የለም።

እባካችሁ "እነቅልላችኋለሁ" የሚል ሰው ጋ ሄዳችሁ ምኑ የማይታወቅ ነገር አታስቀቡ፣ ያቃጥላል ያቆስላል። ደም ካያችሁ ደግሞ፣ በተለይ ክብደት እየቀነሳችሁ ከሆነ፣ ሳትመረመሩ ኪንታሮት ነው ብላችሁ አትለፉት፣ የአንጀት ካንሰርም ያደማል።