መቻል የሚቆምበት ወለል

ዛሬ ጠዋት ውሻዬ መቻል ራሱን ችሎ ተነሳ። የፊት እግሩን ዘረጋ፣ የኋላውን ሰበሰበ፣ ቆመ። በቃ።

ለሌላ ሰው ይሄ ወሬ አይደለም። ስሙ መቻል ይሁን እንጂ ላለፉት ሁለት ዓመታት ኮሪደራችን ላይ መነሳት አቅቶት ነበር። ሊነሳ ሲል የኋላ እግሮቹ ግራና ቀኝ ይከፈቱበታል። ጥፍሩ ወለሉን ይቧጥጣል። ከዚያ ይተወውና ቀና ብሎ ያየኛል። እኔ ከሆዱ ስር እጄን አስገብቼ አነሳዋለሁ። 38 ኪሎ ነው፤ ወገቤ ያውቀዋል።

ቤታችን ቀበና ነው፣ አሮጌ ቤት። ሳሎኑ የዝግባ ጣውላ ነው። ልጆች ሳለን እማዬ ቀይ ሰም ታስቀባውና ካልሲ አድርገን እንድንንሸራተትበት ትለቀን ነበር። እኛ ጨዋታ መስሎን ነበር። ለካ ወለል እየወለወልን ነው! በዚያ ዘመን ውሻ ደጅ ነው፣ አለቀ። መቻልም ስምንት ዓመት ደጅ ኖሯል። በኋላ ዳሌው መታመም ጀመረ። ፖሊስ ውሻ የሚባለው ዘር በዚህ ይታወቃል፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይበዛበታል። ክረምት ሲገባ ደጅ ማሳደሩ አላስችል አለኝ።

“እኔ የምጸልይበት ቤት ውሻ?” አለች እማዬ።

ተደራደርን። ኮሪደሩና የጓሮው ክፍል ይፈቀድ፣ ሳሎን ግን ድርሽ እንዳይል። መቻል ሲገባ ሌላው ውሻችን ሻምበልም ተከተለ። እሱ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፣ ስምምነቱ ላይም አልፈረመም።

ያኔ ነው የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት። ኮሪደሩ ላይ ላሚኔት አስነጠፍኩ። ሻጩ “ውሃ አይነካውም፣ አይጫርም” ብሎኝ ነበር። ሁለተኛው እውነት ነው። የላሚኔት ፊቱ ጠንካራ ነው፤ የሻምበል ጥፍር ብዙም አላሸነፈውም። ሆዱ ግን የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው። ሻምበል ከዝናብ ገብቶ ይራገፋል። ውሃ ሲጠጣ ግማሹን ይደፋዋል። ውሃው በመገጣጠሚያው ሰርጎ ገባና በሁለተኛው ክረምት ጠርዙ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ አለ። አንዴ ኩፍ ካለ ደግሞ አይመለስም። ዝግባ ቢሆን ይላግና እንደገና ሰም ይቀባል። ላሚኔት ላይ የሚታየው እንጨት ግን ሥዕል ነው፤ ብትልገው ሥዕሉ ይሄዳል።

ዘንድሮ ልቀይረው መርካቶ ወረድኩ። በየሱቁ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ “የማይጫረው የትኛው ነው?” የሚያብረቀርቅ ፖርሲሊን እያወጡ በቁልፍ ይፈትጉልኛል። ምንም! ፊቴን እንደ መስታወት አየሁበት። ልከፍል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ያዳነኝ የመቻል ሐኪም ነው። መድኃኒቱን እየጻፈ “ሲነሳ ይንሸራተታል?” አለኝ። እኔ ስለ ጭረት ስጨነቅ እሱ ስለ መቆም ጠየቀኝ። ከዚያ የመቻልን መዳፍ ገልብጦ አሳየኝ። ወለል የሚይዘው ያ ጥቁሩ፣ ለስላሳው ክፍል ነው። በመዳፉ መካከል የበቀለው ፀጉር ካልተቆረጠ እንደ ካልሲ ይሆናል። ጥፍሩ ከረዘመ ደግሞ መዳፉን ከወለሉ ያነሳዋል። ውሻ ሲንሸራተት ይደነግጥና ጥፍሩን ለመሰካት ይሞክራል። አፈር ላይ ይሠራል፤ ሴራሚክ ላይ ግን ጥፍር የት ይሰካል? ይባስ ያንሸራትተዋል።

ተመልሼ ሄድኩ። አንዱን ባለሱቅ በመያዣ አስፈቅጄ 60 በ60 የሆኑ ስምንት ሴራሚኮች ይዤ መጣሁ፤ አራቱ የሚያብረቀርቁ፣ አራቱ ደብዛዛ። ግቢ ውስጥ ደረደርኳቸውና ውሃ አፈሰስኩባቸው። ከዚያ ቋንጣ ወረወርኩ። ሻምበል በሚያብረቀርቀው ላይ ሲመጣ ፍሬን እንደበጠሰ ሚኒባስ አጥሩ ጋ ደረሰ። በደብዛዛው ላይ ቆመ፣ ቋንጣውን በላ፣ ድገመኝ ብሎ አየኝ። በማግስቱ መቻልን አስተኛሁበትና ጠራሁት። ቀስ ብሎ፣ ግን ሳይከፈት ተነሳ።

ካርቶኑን ሳገላብጥ አር 10 የሚል አገኘሁ። ቁጥሩ ከአር 9 እስከ አር 13 ይሄዳል፤ ከፍ ሲል መቆንጠጡ ይጨምራል። የሚለካው ዘይት የፈሰሰበትን ወለል ቀስ በቀስ እያዘነበሉ ሰው በማስኬድ ነው። ሰውየው ጫማ አድርጎ ነው፤ ሻምበል ጫማ የለውም። ቢሆንም ከሻጭ ምላስ ይሻላል። አር 12ና 13 ደግሞ ለቤት ሻካራ ነው፤ መወልወያ ይበላል።

ይሄም ቢሆን ጣጣ አለው። ደብዛዛ ሴራሚክ ጭቃ ይይዛል፤ ሁለቴ መወልወል አለብኝ። ሐምሌ ላይ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ለመቻል ጆንያ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ደርቤለታለሁ። በረኪና የሽንት ቦታ ላይ ማፍሰስም ትቻለሁ። ከሽንቱ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጭስ መሳይ ሽታ ለሰውም ለውሻም መርዝ ነው። መጀመሪያ በሳሙናና በብዙ ውሃ፣ ከዚያ አቼቶ። በረንዳችን ላይ ግን አቼቶ አይታሰብም። በረንዳው የድሮ ቴራዞ ነው፤ ውስጡ ያለውን እብነ በረድ አሲድ ይበላዋል።

ሴራሚክ ሠሪው ትናንት ጨርሶ ሄደ። ከሰዓት እማዬ ከሳሎን ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አምና እህቴ ቤት የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ላይ ወድቃ እጇን ከተሰበረች ወዲህ ግድግዳ ሳትይዝ አትሄድም። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ አንድ እግሯን አስቀድማ ሞከረችው። ከዚያ ግድግዳውን ለቀቀችና እስከ ጓሮው በር ሄዳ ተመለሰች። መቻል ጭራውን እየወዘወዘ ተከተላት፤ አላባረረችውም።

“ስንት ተረፈ?” አለችኝ።

“አሥራ አንድ።”

“ለመታጠቢያ ቤቱ አይበቃም?”

ሜትር ፍለጋ ሄድኩ።