ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ጥርስና ድድ

እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ልጄ ዓመት ሞልቶት ጥርስ ሳያበቅል በመቆየቱ ከጎረቤት እናቶች መካከል ድድ የሚቧጥጥ ሰው እስከ መጠቆም የደረሱ ነበሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ልጁ አሳዝኗቸው ነው። ነገር ግን ልጄ ከዳውን ሲንድረም ጋር የተወለደ ነው፤ በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ተጨማሪ 21ኛ ክሮሞዞም የጥርስንም እድገት ያዘገያል። እንዲህ ባሉ ልጆች የመጀመሪያው ጥርስ ከ12 እስከ 14 ወር፣ አንዳንዴም እስከ 24 ወር ሊዘገይ፣ የወተት ጥርሶች በሙሉ ወጥተው ለመጨረስም እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ድድ መቧጠጥም ሆነ በልማድ የሚደረገው የወተት ጥርስ ማስነቀል ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ከማጋለጥ አልፎ ከሥር ያለውን የቋሚ ጥርስ እንቡጥ ሊያበላሽ ይችላል።

በብዙዎቹ ልጆች ደግሞ አንዳንድ ቋሚ ጥርሶች ጭራሹኑ አይፈጠሩም፤ በተለይ ከላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ግራና ቀኝ ያሉት። የሚወጡትም ትንንሽ፣ ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ፣ ሥራቸውም አጭር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የወተት ጥርሱ ጊዜው አልፏል ተብሎ ከመነቀሉ በፊት ተተኪ እንዳለው በራጅ መታየት አለበት፤ ተተኪ ከሌለው በደንብ ተይዞ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላልና።

ከሁሉ በላይ ወላጅን የሚያዘናጋው የጥርስ መቦርቦር በእነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ አነስ ብሎ መታየቱ ነው። የድድ በሽታ ግን በሽታን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በሚገባ ስለማይሠሩ ገና በልጅነት ይጀምርና በፍጥነት ይብሳል፤ ሥሩ አጭር የሆነ ጥርስም አቃፊው አጥንት ሲሳሳ ቶሎ ይነቃነቃል። ማታ ከኋላው ተቀምጬ፣ ራሱን ደረቴ ላይ አስደግፌ፣ ለስላሳ ብሩሹን ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ቀስ አድርጌ አዞራለሁ። አረፋው ሮዝ ቀለም ከያዘ ድዱ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቦታውን አልዘለውም፣ ይልቁንም እጄን አለስልሼ ደጋግሜ አጸዳዋለሁ፤ ካልተሻለው ወደ ጥርስ ሐኪም እወስደዋለሁ። በአፉ ስለሚተነፍስና የከተማችን ሙቀትም ስለሚያደርቀው ውኃ ቶሎ ቶሎ አጠጣዋለሁ።

ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ እክል ጋር ስለሚወለዱ፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የልቡን ሁኔታ ለጥርስ ሐኪሙ መንገር የወላጅ ድርሻ ነው፤ ለአንዳንዶቹ አስቀድሞ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መስጠት ያስፈልጋልና። የአንገታቸው መገጣጠሚያም ልል ሊሆን ስለሚችል፣ ወንበሩ ላይ ሲጋደሙ ጭንቅላታቸው በኃይል ወደ ኋላ እንዳይታጠፍ አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል።