ልባሷ የተገፈፈ ቱቦ

ቴክሳስ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ ኃይል ማመንጫ ላይ የመለኪያ መሣሪያዎች ቴክኒሻን ነኝ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2021 ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በማግስቱ ዳላስ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ገብታለች።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁላችንም ያፈጠጥነው የግሪዱ፣ የኤሌክትሪክ መረቡ ማለቴ ነው፣ ፍሪኩዌንሲ ላይ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመታው ምት ነው፣ ኃይል ከፍላጎት ሲያንስ ይወርዳል። 60 ኸርዝ መሆን ሲገባው 59.3 ወረደ። ከ59.4 በታች 9 ደቂቃ ከቆየ ጄነሬተሮች ራሳቸውን ለማዳን ተከታትለው ይወጣሉ፤ ግሪዱ ከነአካቴው ይጨልማል። 4 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ቆየ። የዳነው የሚሊዮኖች መብራት ሆን ተብሎ ስለተቆረጠ ነው።

ሊነጋጋ ሲል የእኛ ዩኒት፣ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል፣ ቀጥ አለ። ስክሪኑ የቦይለሩ ውሃ አልቋል ይላል።

«ውሃውማ አለ» አሉኝ አብረውኝ ያደሩት አንጋፋ ኦፕሬተር፣ የአገሬ ሰው ናቸው። «መለኪያውን እየው አንተ ልጅ።»

«እሺ ጋሼ» ብዬ ባትሪ ይዤ ወጣሁ።

ተርባይኑ ደህና ነው። ጄነሬተሩም ደህና። የውሃው መጠን የሚታወቅበትን ግፊት ወደ መለኪያው የምታደርሰው የጣት ውፍረት ያላት ቱቦ ግን ውስጧ በረዶ ሆኗል። ሰመር ላይ ለጥገና ልባሷ፣ ከብርድ የሚከላከላት ሽፋን፣ ሲገፈፍ ክንድ የምታህል ቦታ ሳትሸፈን ቀርታለች፣ ያውም በሰሜን ነፋስ በኩል። ማሞቂያ ሽቦው ይሠራል፤ ሙቀቱን ግን ነፋሱ ይወስደዋል። አቅልጠን ዩኒቱን እስክንመልስ እኩለ ቀን አለፈ። በዚያው ጠዋት በደቡብ ቴክሳስ አንድ የኒውክሌር ሪአክተር ያስቆመውም እንዲሁ የቀዘቀዘ የመለኪያ ቱቦ ነው።

ያኔ ብዙ ሰው የነፋስ ተርባይኖችን ረገመ። እነሱም ቆመዋል፤ ትልቁ ጉድለት ግን የጋዝ ነበር። ከጋዙ ጋር የሚወጣው ውሃ የጋዝ ጉድጓዱ አፍ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋል። ይባስ ብሎ ጋዝ የሚገፉት አንዳንድ ኮምፕረሰሮች «መብራት እንዳይቆረጥባቸው» ተብለው ስላልተመዘገቡ ተቆረጠባቸው። መብራት ሲጠፋ ጋዝ ቀረ፤ ጋዝ ሲቀር መብራት ጠፋ።

የሚያንገበግበኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2011ም እንዲሁ ሆኖ መርማሪዎች ለክረምት ተዘጋጁ ብለው ነበር። ግን ምክር እንጂ ግዴታ አልነበረም። በ2021 ግዛቱ ራሱ የቆጠረው ሟች 246 ነው። ዝግጅቱን ግዴታ ያደረገው ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ማመንጫ አሁን ልባስ የተገፈፈበት ቦታ ሁሉ ፎቶ ተነስቶ ይመዘገባል። ልባሱ ካልተመለሰ ጥገናው አልቋል ተብሎ አይፈረምም፤ እኔም አልፈርምም። ከጥገና ቡድኑ ጋር ያኳርፈናል። ያኳርፈን።