ስም አልባው ባለሜዳ

ሐሙስ ማታ ነው። ደብረ ብርሃን ጠባሴ፣ ቤቲንግ ቤቱ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ጋቢያችንን ተከናንበን ተቀምጠናል። የሰፈራችን ልጅ ትኬቱን ይዞ መጣ። ስምንት ጨዋታ አስይዞ ሰባቱ ገብተውለታል፤ የቀረው «ኤፍሲኤስቢ» የሚባል ነው። «ደግሞ እነዚህ እነማን ናቸው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ጠያቂ ካገኘሁ ማን ያቆመኛል!

የሮማኒያ ጦር በ1947 እ.ኤ.አ. ቡካሬስት ላይ አንድ የስፖርት ክለብ አቋቋመ። ስሙ ተቀያይሮ ተቀያይሮ በ1961 «ስቴዋ» ተባለ፤ ኮከብ ማለት ነው። በ1986 ሴቪያ ላይ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ከባርሴሎና ተገናኘ። የስፔን ሜዳ፣ የስፔን ደጋፊ። ረዳት አሰልጣኙ ዮርዳኔስኩ እንኳ በ36 ዓመቱ ተቀይሮ ገብቶ ተጫውቷል። 120 ደቂቃ ያለ ጎል አለቀና ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ።

እዚህ ላይ ሻዬ ቀዘቀዘ። ደብረ ሲና ስማር በረኛ ነበርኩ፤ ሁሌ ወደ ቀኝ እወድቃለሁ፣ ኳሷ ሁሌ በግራ ትገባለች። የስቴዋው በረኛ ዱካዳምም ወደ ቀኝ ወደቀ፤ የአሌሻንኮን መለሰ። ደግሞ ወደ ቀኝ፤ የፔድራዛን። ለሦስተኛ ጊዜ እዚያው ቀኝ፤ የፒቺ አሎንሶን። ከእሱ ወገን የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቺዎች ስተው ነበር፤ ላካቱሽና ባሊንት ግን አገቡ። አራተኛው ማርኮስ መጣ። ዱካዳም አሁን ወደ ግራ ዞረ። መለሳት! በአራት ምት አንድም አልገባበትም። ከምሥራቅ አውሮፓ ዋንጫውን የወሰደ የመጀመሪያው ክለብ ስቴዋ ሆነ። በዚያው ክረምት ግን ዱካዳም ቀኝ ክንዱ ላይ ደም ረጋበትና ከሜዳ ራቀ። በታኅሣሥ 2024 ዐረፈ... ኧረ ዓመቱስ እንዴት ይሮጣል!

ኋላ የእግር ኳስ ቡድኑ ከጦሩ እጅ ወጥቶ የግለሰብ ሆነ። ጦሩ ስሜንና አርማዬን መልሱ ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤትም ፈረደለት። በታኅሣሥ 2014 ቡድኑ ያለ አርማ ወደ ሜዳ ገባ፤ የውጤት ሰሌዳው ላይም በስሙ ፋንታ «ባለሜዳ» ተባለ። በ2017 «ኤፍሲኤስቢ» ተብሎ ተመዘገበ። በዚያው ዓመት ጦሩ የራሱን ስቴዋ ከአራተኛው ዲቪዚዮን አስጀመረ። የ1986ቱን ዋንጫ ዛሬም ሁለቱም የኔ ነው ይላሉ።

ወታደር የነበረው አጎቴ እስከዚህ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። ጋሼ የእኛው ጦር ክለብ የመቻል ደጋፊ ነው። ክለቡ «መከላከያ» በተባለባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን መከላከያ ብሎት አያውቅም፤ የድሮ ስሙ ሲመለስለት እንኳን ደስ አለህ ብንለው «መቼ ተቀየረና?» ብሎ ነው ያሳፈረን።

«መለዮው ያለው ማን ጋ ነው?» አለኝ።

«ጦሩ ጋ።»

«በቃ፣ ዋንጫውም የእሱ ነዋ!»

«ኧረ ጋሼ፣» አለ ልጁ ትኬቱን እያየ፣ «እኔ ያስያዝኩት ያኛውን ነው!»