አሮጌ ኮምፒውተሮችን ከመጋዘን ያወጣሁበት ዓመት

የአይሲቲ ክፍላችን መጋዘን በር ሲገፉት መልሶ ይገፋ ነበር። ሲፒዩ በሲፒዩ ላይ ተቆልሏል፤ ከኋላ እነዚያ ባለ ሆድ ሞኒተሮች ጣሪያ ነክተዋል። ኃላፊዬ «አንተው ጨርሰው» ሲሉኝ የሁለት ሳምንት ሥራ መስሎኝ ካቻቢቴዬን ይዤ ገባሁ።

ስህተቴ እዚያ ጋ ጀመረ። ንብረት ክፍል ያሉት እናት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ በሞዴል 19 ያልገባን ዕቃ በምን ላስወጣው?» አሉኝ። ሞዴል 19 የንብረት ገቢ ማድረጊያ ደረሰኝ ነው። እውነታቸውን ነው። ግማሹ ዕቃ ከየትምህርት ክፍሉ በቃል ብቻ ተመልሶ የተከማቸ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ግን ዛሬም ጡረታ የወጡ መምህር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የንብረት ቁጥሩ የተላጠ፣ ራሙ ተነቅሎ ለሌላው የተሰጠ ብዙ ነው። የፈታኋቸውን ለቆጠራ ብዬ መልሼ ገጠምኩ። ያ የመዝገብ ማስተካከል ወረቀት ብቻውን አራት ወር በላ።

ቀጥሎ የሃርድ ዲስኩ ጉዳይ መጣ። በንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ስብሰባ አንድ አባል «ፎርማት ተደርጓል እኮ፣ ምን ቀረው?» አሉ። ከክርክር ማሳየት ይሻላል ብዬ ፎርማት ከተደረገው አንዱን ሰካሁና ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሎቹን መለስኩ። የተማሪዎች ውጤት፣ ስም ከነመታወቂያ ቁጥሩ፣ ስክሪኑ ላይ ተዘረገፈ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ዲስክ መብሻ መሰርሰሪያ መግዣው በዚያው ሳምንት ተፈቀደ። የሚሠሩትን ዲስኮች ከፍላሽ በተነሳ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ግን ነፃ የሆነ ሲስተም) ዳር እስከ ዳር ዜሮ ጻፍኩባቸው፤ አንድ ዙር ይበቃል። የማይነሱትን በሳሁ። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ግን መረጃውን በውስጡ ስለሚያዘዋውር በላዩ መጻፍ አያስተማምንም፤ የራሱ የማጥፊያ ትእዛዝ አለው።

የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ሣጥን) ባትሪዎቹን በጎናቸው ደርድሬ ያበጠው አፈሰሰ፤ ሱሪዬን አሲድ በላው። ቆመው፣ ለብቻቸው፣ ነፋስ ባለበት መቀመጥ ነበረባቸው።

ደህናዎቹን 20 ኮምፒውተሮች ቀላል ሊኑክስ ጭኜባቸው በኮሚቴው ውሳኔ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰጠን። በሦስተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ ደወሉልኝ፦ «ወንድሜ፣ የሞኒተሩ ገመድስ?» ረስቼዋለሁ! ኪቦርዱንም ጭምር።

የቀረውን በጅምላ ጨረታ እንሽጠው የሚል ሐሳብ ነበር። ብረቱንና ገመዱን ለይተን እንሽጥ፣ ሞኒተሩ ግን አይሆንም አልኩ። ቁራሌ ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ፤ ከአንገቱ ላይ መዳቡን ነቅሎ እርሳስ ያለበትን መስታወት ሰብሮ የትም ይጥለዋል፤ የገመዱንም ላስቲክ ያቃጥለዋል። እሱንም አልወቅሰውም፤ የሚከፈለው ለመዳቡ እንጂ ለመስታወቱ አይደለም። በዚህ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከተው ደንብ ቁጥር 425/2010 እንዳለ ለኮሚቴው አሳየሁ። ገመዱንም ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ ብቻ እንዲሸጥ አስወሰንኩ።

ባለ ሆዶቹን በነፃ እንኳ የሚወስድ አላገኘሁም። ተቆጥረው፣ ተመዝግበው፣ በእንጨት ላይ ተደርድረው መጋዘኑ ጥግ ቆመዋል። በሩ ግን አሁን ይከፈታል።